ገዥውን የጣለ ጦር ምን ትቶ ይሄዳል? ከመቅደላ እስከ ትሪፖሊ

(ደሴ ለተሰበሰቡ አድማጮች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

የውጭ ጦር አንድን አምባገነን ከሥልጣን ሊያወርድ ገብቶ ሰውየው ከወደቀ በኋላ አገሩ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የባግዳድ ወይም የትሪፖሊ ወሬ ሲሰማ ነው። እኔ ግን የምጀምረው ከዚሁ ከወሎ ነው። ከደሴ በስተምዕራብ ያለችው የመቅደላ አምባ፣ አንድ ኃያል መንግሥት ጠቤ ከገዥው ጋር እንጂ ከሕዝቡ ጋር አይደለም ብሎ የመጣባት፣ ያለውን ፈጽሞም ክረምት ሳይገባ ወደ መርከቡ የተመለሰባት ስፍራ ናት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከማንም በፊት ያየው የአካባቢው ሰው ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ዐፄ ቴዎድሮስን ከሳዳም ሁሴን ወይም ከኢዲ አሚን ጋር በአንድ ሚዛን ላስቀምጥ አልመጣሁም። ወሎ እኚህን ንጉሥ የሚያስባቸው በሁለት መልክ ነው፤ በትምህርት ቤት የአንድነት አባት እንደሆኑ ይማራል፣ በቤቱ ደግሞ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡበት ጊዜ ጀምሮ ደጋግመው እንደዘመቱበትና በምርኮኞች ላይ ያደረሱትን ቅጣት ከአያቶቹ ሰምቶ ያድጋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ዛሬ በመካከላቸው ለመፍረድ አልሞክርም። መቅደላን የማነሣው ጦሩ ስለጣለው ሰው ለመናገር ሳይሆን ጦሩ ትቶት ስለሄደው ነገር ለመናገር ስለፈለግሁ ነው።

ጄኔራል ሮበርት ናፒየር በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ጠረፍ ያወረዱት ጦር አሥራ ሦስት ሺህ ያህል የእንግሊዝና የሕንድ ወታደር የነበረበት፣ ከዚያ የሚበልጥ አገልጋይና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት ከብት የተከተለው፣ ከሕንድ የመጡ ዝሆኖችም መድፍ የጫኑለት ጦር ነበር። ዓላማው በንጉሡ የታሰሩትን የእንግሊዝ ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን ማስለቀቅ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያ ሆነ፤ በፋሲካ ማግስት ሰኞ አምባው ሲሰበር ዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። እስረኞቹ ከዚያ በፊት ተለቀው ነበር። እስከዚህ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየመድረኩም የሚነገረው ይኸው ነው። ብዙ ያልተነገረለት ቀጥሎ ያለው ሳምንት ነው።

በመቅደላ ላይና ዙሪያውን ከሠላሳ ሺህ የሚበልጥ የንጉሡ ሰፈር ሕዝብ፣ ወታደርና ሴት፣ ሕፃንና ካህን ሳይለይ፣ ያለ ጌታና ያለ ቀለብ ቀረ። መሣሪያውን አስረክቧል። በዙሪያው ያለው አገር ደግሞ ቴዎድሮስ በጉልበት የያዙት፣ ቂም ያለበት አገር ነው። አምባውን ማን ይረከብ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሁለት የወሎ ወይዛዝርት፣ ወርቂትና መስተዋት፣ እያንዳንዳቸው ይገባኛል አሉ። ወርቂት ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጥ በአገሯ አሳልፋዋለች ተብሎ በአምባው ታስሮ የነበረ ልጇ የተገደለባት እናት ናት፤ መስተዋትም የራሷ ወገንና የራሷ ወራሽ ነበራት። ናፒየር ግን አምባውን ለላስታው ዋግሹም ጎበዜ ቢሰጡ መረጡ፤ ያንን ሁሉ ሕዝብ በኃላፊነት የሚረከብ ክርስቲያን መስፍን ፈልገው ነበር። ጎበዜ ለአምባውም ለስደተኛውም ጆሮ አልሰጡም። የፈለጉት የቴዎድሮስን መድፍ ነበር። ሁለቱ ወይዛዝርትም መስማማት ሳይችሉ ቀሩ። በዚህ ጊዜ ጄኔራሉ የወሰዱት መፍትሔ አምባውን ማቃጠልና መድፎቹን መሰባበር ሆነ።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚያስገርመኝ፣ ከቦምቤይ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ፣ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ ስንቁን በሰዓት አስልቶ የመጣ ጦር፣ ማን ይረከባል ለሚለው ጥያቄ መልስ መፈለግ የጀመረው ንጉሡ ከሞቱ በኋላ መሆኑ ነው። ዘመቻው ለእንግሊዝ ግምጃ ቤት ዘጠኝ ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አስወጥቷል። ለማግስቱ ግን የተመደበ ነገር አልነበረም። የተዘረፈው የብራናና የቤተ ክርስቲያን ዕቃ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ስለ ዝርፊያው ከዚህ በላይ አልሄድም፤ ብዙ የተባለለት ነው። ከዝርፊያው ይልቅ የአገሩን ዕጣ የወሰነው ስጦታው ነው።

ጦሩ በመጣበት በትግራይ መንገድ ሲመለስ፣ መንገድ ለከፈቱለትና ስንቅ ለሸጡለት ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ መድፎችን፣ ከስምንት መቶ የሚበልጥ ጠብመንጃና ጥይት ትቶላቸው ሄደ። ለእንግሊዞች የውለታ ክፍያ ነበር፤ ሸክምም ያቀልላቸዋል። በአገሩ ሚዛን ላይ ግን ከባድ ነገር ነው። ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ ካሣ አልገበሩም። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ሲዋጉ በቁጥር እጅግ የሚበልጠው የተክለ ጊዮርጊስ ጦር፣ በአዲሱ መሣሪያና ከናፒየር ዘመቻ ተከትሎ በቀረው በእንግሊዛዊው ጆን ኪርክሃም በሠለጠነው በጥቂቱ የካሣ ጦር ተሸነፈ። ካሣ ጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ። እንግሊዝ ንጉሥ ልትሾም አልመጣችም። ጠብመንጃዋ ግን ሾመ።

ወሎስ? በሁለቱ ወይዛዝርት ቤት መካከል የነበረው ፉክክር ዳኛ ሳያገኝ ቀጠለ፤ ከደቡብ ምኒልክ ወረኢሉን ምሽጋቸው አድርገው ገቡ፣ ከሰሜን ዮሐንስ ወረዱ። ነገሩ የተቋጨው ግንቦት 1870 ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን በቦሩ ሜዳ ነው። ጉባኤው የወሎ መሳፍንትን ሃይማኖት እንዲለውጡ አደረገ፤ መሐመድ አሊ ሚካኤል፣ የመስተዋት ልጅ አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተብለው ተጠመቁ። አልቀበልም ያለው ሕዝብ የተሰደደውና የተቀጣው፣ በየቦታው የተቃወመው ከዚያ በኋላ ነው። ቦሩ ሜዳን ናፒየር አመጡት ለማለት አልደፍርም። የቴዎድሮስ መንግሥት እንግሊዞች ሳይመጡ ፈርሶ ነበር፤ ንጉሡ ከመቅደላና ከአካባቢዋ ውጭ የሚታዘዝላቸው አገር አልነበራቸውም። ነገር ግን በፈረሰ ቤት ውስጥ ከሚፋለሙት ለአንዱ መሣሪያ ሰጥቶ፣ ሌላውን ባዶ እጁን ትቶ የሄደ ሰው፣ እኔ የመጣሁት ለእስረኞች ብቻ ነው ብሎ ከውጤቱ ነፃ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ከመቅደላ የምወስደው አንድ ጥያቄ ነው፤ ወደ ሌሎቹም አገሮች ይዤው እሄዳለሁ። ገዥው በወደቀ ማግስት መሣሪያው በማን እጅ ገባ? ለወታደሩና ለጸሐፊው ደመወዝ የሚከፍለውስ ማነው? ስለ ዴሞክራሲና ስለ ነፃነት የሚነገረውን ሁሉ አላቃልልም፤ ሆኖም እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ካልተመለሱ የቀረው ሁሉ በወረቀት ላይ ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

በኢራቅ የሆነውን እንመልከት፤ ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ወሩንም ዓመቱንም የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 2003 ባግዳድ ወደቀች፤ የሳዳም ሐውልት ሲገረሰስ ዓለም በቴሌቪዥን አየ። በዚያው ሰሞን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘረፉ፤ ከሙዚየሙ ብቻ አሥራ አምስት ሺህ ያህል ቅርስ ወጣ። የነዳጅ ሚኒስቴሩ ሕንፃ በአሜሪካ ወታደሮች ይጠበቅ ነበር። ከሞላ ጎደል የተቀረው አልተጠበቀም። በ2014 ዓ.ም. የሆስፒታል አልጋና መድኃኒት ሲጋዝ፣ የመዝገብ ቤት ወረቀት በየመንገዱ ሲበተን ያየ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የልደት መዝገብ፣ የመሬት ይዞታ ካርታ፣ የጡረታ ፋይል ሲጠፋ ነገ ሥልጣን የሚረከበው አካል ማን ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይጀምራል።

ዝርፊያው ግን ቢያንስ የታቀደ አልነበረም። ከወር በኋላ የመጣው በፊርማ የተደረገ ነው። የጊዜያዊ አስተዳደሩ ኃላፊ ሆነው የተላኩት ፖል ብሬመር ግንቦት 12 ቀን ባግዳድ ገቡ፤ በአራተኛው ቀን የሳዳም ፓርቲ የነበረውን የባዝ ፓርቲ ከፍተኛ አባላት ከመንግሥት ሥራ የሚያግድ አንደኛውን ትእዛዝ፣ ከሳምንት በኋላም ሠራዊቱን የሚበትን ሁለተኛውን ትእዛዝ አወጡ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ገራፊውንና ገዳዩን ብቻ ቢያባርር ኖሮ ማንም ባልተቃወመ፤ ነገር ግን በዚያ አገር ያለ ፓርቲ አባልነት እድገት የማያገኝ ርእሰ መምህር፣ ሐኪም፣ የውኃና የመብራት መሐንዲስ በአሥር ሺዎች ተቆጥሮ አብሮ ከሥራ ወጣ። ሁለተኛው የባሰ ነው። በግምት አራት መቶ ሺህ ያህል ሰው፣ አብዛኛው የመሣሪያ ሥልጠና ያለው፣ የጥይት መጋዘን የት እንዳለ የሚያውቅ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው፣ በአንድ ቀን ደመወዙንም ክብሩንም አጣ። መጋዘኖቹ ደግሞ ብዙዎቹ ጠባቂ አልነበራቸውም። የተባረሩ መኮንኖች በሰልፍ ወጥተው ደመወዛችንን ሲሉ ነበር፤ አበል የመስጠቱ ውሳኔ የመጣው ሰልፉና ተኩሱ ከጀመረ በኋላ ነው። ወደ ሽፍትነት የሄደው ሄደ። ከዓመታት በኋላ እስላማዊ መንግሥት ነኝ ብሎ የተነሣው ቡድን የጦር አመራር ውስጥ የቀድሞው ሠራዊት መኮንኖች ጉልህ ስፍራ ይዘው ተገኙ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ነገር ትንሽ ልዘገይ፤ ለእኛ አገር ሰው ቅርብ ይመስለኛል። በሐምሌ 2003 የተሾመው የኢራቅ የአስተዳደር ምክር ቤት 25 አባላት ነበሩት፤ 13 ሺዓ፣ 5 ሱኒ ዐረብ፣ 5 ኩርድ፣ አንድ ቱርክሜንና አንድ አሦራዊ ክርስቲያን ተብለው ተቆጠሩ። ኮሚኒስቱ እንኳ በሺዓነቱ ተቆጥሮ ነው የገባው። ፍትሐዊ ለመሆን የተደረገ ነው፤ በአሳቡ አልፈርድም። ነገር ግን በአንድ ሰፈር ተጋብቶና ተዋልዶ የኖረ ሰው፣ መንግሥት ዘንድ ለመቅረብ መጀመሪያ ወገንህን ተናገር ሲባል፣ በጭንቅ ቀን የሚጠለለውም በዚያው ወገን ታጣቂ ሥር ይሆናል። የካቲት 2006 የሳማራው የአል ዐስከሪ መስጊድ ጉልላት በፈንጂ ሲፈርስ ባግዳድ ሰፈር በሰፈር ተለያየች፤ ሱኒና ሺዓ በአንድ ቤት የሚገናኙባቸው ቤተሰቦችም ተበተኑ። እኛ አባትየው ሼህ፣ አጎትየው ቄስ የሆኑበትን ቤት በየቀበሌው የምናውቅ ሰዎች፣ ይህ ዓይነቱ ቤት በምን ያህል ፍጥነት ሊፈርስ እንደሚችል ከኢራቅ ልንማር እንችላለን።

ሳዳም ሁሴን ታኅሣሥ 2003 ከጉድጓድ ተያዙ፣ በ2006 መጨረሻም ተሰቀሉ። ጦርነቱ የተጀመረበት የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አልተገኘም። በ2014 ሞሱል ስትወድቅ አሜሪካ ያስታጠቀችው የኢራቅ ጦር መኪናውንና መሣሪያውን ጥሎ ሸሸ፤ ታጣቂዎቹም ያንኑ ይዘው ቀጠሉ። ጥያቄው ያው ነው፤ መሣሪያው በማን እጅ ገባ?

አሁን ወደ አፍሪካ ልመለስ። ጎረቤት ገብቶ አምባገነን ካወረደባቸው ታሪኮች ሁሉ ለእኔ ከባዱ የኡጋንዳ ነው፤ ምክንያቱም ጣልቃ የገባው ሰው ክብር የሚገባው ሰው ነበር። ኢዲ አሚን በ1978 መጨረሻ የታንዛኒያን የካጌራ ግዛት ወረረ። ጁሊየስ ኔሬሬ ወራሪውን ከድንበር በማስወጣት ብቻ አላቆሙም፤ ከኡጋንዳ ስደተኞች ጋር ገፍተው ሚያዝያ 11 ቀን 1979 ካምፓላን ያዙ። ሊቢያ ለአሚን ወታደር ልካ ነበር፤ አልጠቀመውም። አሚን ሸሽቶ ኋላ በሳዑዲ ዓረቢያ ኖሮ በዚያው ሞተ። ኔሬሬ ከናፒየርና ከብሬመር የተሻለ ያሰቡት ነገር ነበር፤ ከካምፓላ መውደቅ በፊት፣ በመጋቢት፣ ተቃዋሚዎቹን በሞሺ ሰብስበው ተተኪ አካል አስመርጠዋል። እንዲያም ሆኖ የተመረጡት ዩሱፉ ሉሌ በሥልጣን የቆዩት 68 ቀን ብቻ ነው። ቀጥሎ ጎድፍሬይ ቢናይሳ፣ ከእርሳቸው ቀጥሎ ወታደራዊ ኮሚሽን፣ በታኅሣሥ 1980 ደግሞ ክርክር የተነሣበት ምርጫና የሚልተን ኦቦቴ መመለስ መጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ ዩዌሪ ሙሴቬኒ ጫካ ገቡ፤ ውጊያው በተካሄደበት በሉዌሮ የረገፈው ሕዝብ ብዙ ነው። በጥር 1986 ካምፓላን የያዙት ሙሴቬኒ ዛሬም ሥልጣን ላይ ናቸው።

የኡጋንዳን ማግስት ለመረዳት ግን ከካምፓላ ቤተ መንግሥት ይልቅ በሰሜን ምሥራቅ ያለችውን የሞሮቶ ከተማ ማየት ይሻላል። የአሚን ወታደሮች በ1979 ሲሸሹ የሞሮቶን ካምፕ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ክፍቱን ትተውት ሄዱ። የካራሞጃ አርብቶ አደሮች ገብተው ጠብመንጃውንና ጥይቱን አወጡ። ከዚያ በፊት የከብት ዘረፋ በጦርና በጥቂት አሮጌ ጠብመንጃ የሚደረግ፣ ሽማግሌም የሚያበርደው ነገር ነበር፤ ዘመናዊ መሣሪያ ሲገባ አንድ ወጣት በአንድ ሌሊት የሰፈሩን ከብት ሁሉ ጠራርጎ መንዳት፣ ባለቤቶቹንም መግደል ቻለ። ድርቅ ተጨመረበት። በ1980 የካራሞጃ ረኀብ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ዝናብ ብቻውን ይህን ያህል ሰው አልገደለም። ከብቱን የወሰደው፣ መንገዱን የዘጋው፣ እርዳታ የጫነውን መኪና ያስቆመው ከሞሮቶ የወጣው ጠብመንጃ ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ዓ.ም. ረኀብ ያሳለፈ አገር ሰው፣ ረኀብ ከሰማይ ብቻ እንደማይወርድ ያውቃል።

በወሎ ደም ሲፈስ፣ አባጋር የሚባሉት አስታራቂ አባቶች አስቀድመው የሚያደርጉት የሁለቱንም ወገን መሣሪያ ከእጁ አውርዶ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ ለሁለቱም ቅርብ የሆነ ሰው በመካከል ማስገባት ነው፤ ካሣውና ደም ማድረቁ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እስካሁን ያየናቸው ዘመቻዎች በሙሉ ቅደም ተከተሉን የገለበጡ ይመስሉኛል።

የሊቢያው ከሁሉም የተለየ ነው፤ እግረኛ ጦር እንኳ አልገባበትም። በየካቲት 2011 ቤንጋዚ ተነሣች፤ ሙአመር ጋዳፊ በየቤቱ ገብቼ እጠርጋለሁ ብለው ዛቱ፤ ታንካቸው ወደ ከተማይቱ ቀረበ። የጸጥታው ምክር ቤት መጋቢት 17 ቀን ቁጥር 1973 የተባለውን ውሳኔ በአሥር ድምፅ ድጋፍና በአምስት ድምፀ ተአቅቦ አሳለፈ። ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያና ጋቦን ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል፤ አፍሪካ ምንም አልተጠየቀችም የሚሉ ይህን ይረሱታል። ውሳኔው ሰላማዊ ሰውን ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ ፈቀደ፤ አገሩን በጦር መያዝን ግን ከለከለ። ከአንድ ሳምንት በፊት የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ፣ ተኩስ ማቆምንና የሽግግር ጊዜን የያዘ የራሱን መንገድ ነድፎ፣ የአምስት አገሮች መሪዎችን ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ኮሚቴው ወደ ትሪፖሊ ሊበር ባሰበበት ጊዜ የአየር ድብደባው ጀመረ፤ የመብረር ፈቃድ አላገኘም። በሚያዝያ ሄዶ ጋዳፊ እሺ ሲሉ፣ ቤንጋዚ ያሉት ደግሞ ሰውየው ካልወረዱ አንስማማም ብለው መለሱት። ኮሚቴው ቢሰማ ኖሮ ይሳካ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ጋዳፊ ቃላቸውን ስለመጠበቃቸው እጠራጠራለሁ። ነገር ግን ሰላማዊ ሰው ለመጠበቅ የተሰጠ ፈቃድ መንግሥት እስከመለወጥ ሲዘልቅ፣ ለማግስቱ ኃላፊ የሆነ ማንም አልነበረም።

ጋዳፊ ጥቅምት 20 ቀን በሲርት ተገደሉ፤ ኔቶ በወሩ መጨረሻ ዘመቻውን ዘጋ። በመቅደላ ቢያንስ አምባውን ማን ይረከብ ተብሎ ተጠይቋል። የጋዳፊ የጦር መሣሪያ መጋዘኖች ግን በየከተማው ታጣቂ እጅ ገቡ። አዲሱ መንግሥት ታጣቂውን ትጥቅ ማስፈታት ስላልቻለ ደመወዝ ከፈለው፤ ደመወዝ እንዳለ የሰማ ሁሉ ታጣቂ ሆነ። የኢራቅን ስሕተት ያላነበቡ ይመስል፣ በግንቦት 2013 በጋዳፊ ዘመን ሥልጣን የነበረውን ሁሉ የሚያግድ ሕግ ወጣ፤ ሕጉ የጸደቀው ታጣቂዎች ሚኒስቴሮችን ከበው ባሉበት ሰዓት ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዓሊ ዘይዳን ራሳቸው ከሆቴል ተጠልፈው ለሰዓታት ታገቱ። በ2014 አገሩ በሁለት መንግሥት ተከፈለ። ከጋዳፊ ጦር ወጥተው መሣሪያ ጭነው በረሃውን የተሻገሩ ቱዋሬጎች ደግሞ ገና በጥር 2012 በሰሜን ማሊ ጦርነት ጀምረው ነበር፤ በመጋቢት ባማኮ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተከተለ፤ የሳሕል ትኩሳት እስካሁን አልበረደም። ባራክ ኦባማ በ2016 ከሥልጣን ዘመናቸው ትልቁ ስሕተት ምናልባት ለሊቢያ ማግስት አለመዘጋጀታቸው እንደሆነ ተናግረዋል። ቅን ንግግር ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዳንዶቻችሁ እንግዲያው አምባገነኑን ዝም ብሎ ማየት ይሻላል ማለትህ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልልም። በካምቦዲያ የክመር ሩዥ መንግሥት ሕዝቡን ሲፈጅ፣ በጥር 1979 ፕኖም ፔንን ይዛ ፍጅቱን ያስቆመችው ቬትናም ናት፤ የገባችው ለራሷ ጥቅም ነው፣ አሥር ዓመትም ሳትወጣ ቆይታለች። ሆኖም ከሞት ለተረፈው ሰው ባትገባ ይሻልህ ነበር ብሎ ለመናገር የሚደፍር ልብ የለኝም። ትልልቆቹ መንግሥታት ደግሞ በዚያ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ወንበር ከገዳዮቹ ወገን እንዳይወሰድ ሲከላከሉ ነበር። ጣልቃ መግባትን በአንድ ቃል ማውገዝም ማወደስም ቀላል ነው፤ እኔ ሁለቱንም አልቀበልም።

የተሻለ ያለቀም አለ። በጋምቢያ ያህያ ጃሜህ በታኅሣሥ 2016 ምርጫ ተሸንፈው አልወርድም ሲሉ፣ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ጦር ድንበር ላይ ቆመ፤ ምርጫውን ያሸነፉት አዳማ ባሮ ጥር 19 ቀን 2017 በዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጃሜህ ያለ ውጊያ አገር ለቀው ወጡ። ተተኪውን የመረጠው ሕዝቡ ራሱ ነበር፤ ሠራዊቱም አልፈረሰም፣ ደመወዙም አልተቋረጠም። አገሩ ትንሽ መሆኑና በሴኔጋል የተከበበ መሆኑም ረድቷል፤ ይህን ለኢራቅ ወይም ለሱዳን ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ደሴን ከፋሽስት ሲያስለቅቅም፣ ነገሩ አምባገነንን ማውረድ ሳይሆን ወራሪን ማስወጣት ቢሆንም፣ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። እንግሊዞች አገሩን በራሳቸው አስተዳደር ሊይዙት ያሰቡት ያልተሳካው መሣሪያ የያዘ አርበኛና የሚመለስ መንግሥት በአገሩ ውስጥ ስለነበረ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ኦጋዴንንና ሌሎች ቦታዎችን ለማስመለስ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ በዓመተ ምሕረት ተደራድረናል።

ሊቢያ ለእኛ የሩቅ ወሬ ሆና አልቀረችም። ከወሎ የሚሰደደው ወጣት አብዛኛው በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ቢሄድም፣ በመተማና በሱዳን ዞሮ በረሃውን የሚያቋርጥም አለ። ጋዳፊ ሥልጣን ላይ በነበሩ ጊዜም ስደተኛ ይታሰርና ይሸጥ ነበር፤ ያንን ዘመን ገነት አድርጎ ማውራት ተገቢ አይደለም። መንግሥት ሲጠፋ ግን እያንዳንዱ ታጣቂ የራሱን እስር ቤት ከፈተ፤ ቤተሰብ እዚህ ከብት ሸጦ፣ ዘመድ ለምኖ ማስለቀቂያ ይልካል። በሚያዝያ 2015 እስላማዊ መንግሥት ነኝ ያለው ቡድን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን በሊቢያ ምድር ሲገድል የሚያሳይ ምስል አወጣ፤ አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች። በወሎ ከተሞች ያን ሰሞን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ማልቀሱን የምታስታውሱ አላችሁ።

የማግስቱን ርዝመት ለሚጠይቁኝ ደግሞ የምነግራቸው ስለ ሊቢያዋ ደርና ነው። ከደርና ከተማ በላይ ያሉት ሁለት ግድቦች በ1970ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ለጥገናቸው ውል ተፈርሞ፣ አንድ የቱርክ ድርጅት በ2010 ሥራ ጀምሮ ነበር፤ በ2011 ጦርነቱ ሲነሣ ሠራተኛው ማሽኑን ትቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ በጀት ተመድቦ ያውቃል፤ ሥራው ግን ሳይሠራ ቀረ። ከተማይቱ ከአንዱ ታጣቂ ወደ ሌላው ስትተላለፍ፣ በትሪፖሊና በምሥራቅ ያሉት ሁለት መንግሥታት ባለሥልጣን እየሾሙ ሲሻሻሩ፣ የግድቡን ስንጥቅ ያዩ መሐንዲሶች ማስጠንቀቂያ ጽፈዋል። መስከረም 2023 ዳንኤል የተባለው አውሎ ነፋስ ዝናብ ሲያወርድ ሁለቱም ግድቦች በአንድ ሌሊት ተደረመሱ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከነቤቱ ወደ ባሕር ተጠረገ። በሐምሌ 2024 የደርና ፍርድ ቤት በግድቦቹ አስተዳደር ላይ የነበሩ አሥራ ሁለት ባለሥልጣኖችን ጥፋተኛ ብሎ የእስር ቅጣት ወስኖባቸዋል።